መልስ፦ ቱርክ ውስጥ ልገዛው ያሰብኩት ቤት ታፑው (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ «ታርላ» ይላል፣ ቀብድ ልክፈል?

አትክፈል። «ታርላ» ማለት የእርሻ መሬት ነው። አንታሊያ አጠገብ ያገኘኸው የድንጋይ ቪላ ፎቶው ላይ ቢያምርም፣ በወረቀት የምትገዛው ማሳውን ነው። ቤቱ ታፑው ላይ የለም።

1. ሻጩን «ኢስካን አለው ወይ?» በለው። ኢስካን ማለት ቤቱ በፈቃዱ መሠረት መሠራቱ ታይቶ እንዲኖርበት የሚሰጥ ወረቀት ነው። «የ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) ምሕረት ወረቀት አለኝ» ቢልህ እንዳትዘናጋ፤ ያለ ፈቃድ ለተሠሩ ቤቶች የተሰጠ ምሕረት ነው። እሱ ቤቱን ለጊዜው ከመፍረስ ያድናል እንጂ ኢስካንን አይተካም። ቤቱ ፈርሶ እንደገና ቢሠራ ወረቀቱ አያገለግልህም።

2. ከሻጩም ከደላላውም ጋር የማይተዋወቅ ጠበቃ ያዝና የመሬት መዝገቡን አስፈትሽ። የባንክ መያዣም እገዳም ካለ እዚያ ይታያል።

3. የስም ማዛወሪያው 4 በመቶ ነው። ማን እንደሚከፍል አሁኑኑ ተስማሙ።

አንድ ነገር ከራሴ ልንገርህ። የድንጋይ ቤት በሐምሌ አይተህ አትወስን። ሐምሌ ለእኛ የዝናብ ወር ነው፣ እዚያ ግን ድርቅ ያለ በጋ ነው። እኔ በሐምሌ የወደድኩትን ቤት በጥር ተመልሼ አየሁት። ቁም ሳጥኑን ሳብ አድርጌ ግድግዳውን ስነካው መዳፌ ረጠበ፣ ኖራው እንደ ዱቄት ረገፈ። ከቻልክ ዝናብ በጣለ ማግስት ሂድና ከዕቃው ጀርባ ዳስስ።