እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ልሂድ ወይስ አረጋውያንን ልርዳ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ከሰፈራችን ልጆች ጋር ተሰባስበን ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን አረጋውያን እንረዳለን። ገላቸውን እናጥባለን፣ ልብሳቸውን እናጥባለን፣ ምግብ እናበስላለን። ሁላችንም የምንመቸው እሑድ ጠዋት ስለሆነ ቅዳሴ ካስቀደስኩ ሰነበትኩ። እናቴ «ቤተ ክርስቲያን ትተሽ የት ነው የምትዞሪው?» ትለኛለች። ጓደኞቼ «ድሀ መርዳት ራሱ ቅዳሴ ነው» ይሉኛል። አብረውን የሚያገለግሉ ሙስሊሞችም አሉ። አሥራቴንስ ለዚህ ሥራ ባውለው ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ። ቅዳሴውን አትተዪ። አገልግሎቱንም አታቋርጪ። ሰዓቱን ቀይሩት።

ጓደኞችሽ ያሉት ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። በቅዳሴ የጌታን ሥጋና ደም እንቀበላለን። ይህን የሚተካ መልካም ሥራ የለም። እናትሽም ቤተ ክርስቲያንን አትራቂ ማለቷ ትክክል ነው። ነገር ግን አረጋውያኑ ጋ መሄድሽን መዞር አትበለው። ጌታ «ከሁሉ ከሚያንሱ ከእነዚህ ወንድሞቼ ለአንዱ እንኳ ስላደረጋችሁት ለእኔ አደረጋችሁት» ያለው በፍርድ ቀን ስለሚጠይቀን ነገር ሲናገር ነው (ማቴ. 25)። የተራበ፣ የታረዘ፣ የታመመ፣ የታሰረ ብሎ በስም ጠርቷቸዋል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን እስቲ ረጋ ብለሽ አንብቢው። በኢየሩሳሌም በየቀኑ ምግብ ሲታደል የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ይረሱ ነበር። ማጉረምረም ተነሣ። የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን በእንጀራ ምክንያት ልትከፈል ነበር ማለት ነው። ሐዋርያት ምን አደረጉ? ጸሎትና ቃሉን ማስተማርን አልተዉም። መበለቶቹንም «ጸልዩ» ብለው አላሰናበቱም። ሰባት ሰዎች አስመረጡ። ማዕድ ለማደል «መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው» መሆን አለባቸው ተባለ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታ ካቀረቡት ወገን አምነው ሥራውን የሰጧቸው ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ምን እንደተጻፈ ተመልከቺ፦ የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ፣ የደቀ መዛሙርት ቁጥርም እየበዛ ሄደ። ምግቡ በሥርዓት ሲታደል ሰው ከሰው ታረቀ።

የእናንተም ማኅበር ለሰፈሩ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከተማ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኘው የለቅሶ ድንኳን ሲተከል ብቻ እየሆነ ነው። እድር ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እናንተ በሕይወት እያሉ በራቸውን ታንኳኳላችሁ። የትኛዋ እናት መድኃኒቷን እንደጨረሰች፣ የትኛው አባት ከአልጋ መነሣት እንዳቃተው የሚያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ አለ ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገው ሲታመም ወይም ሲሰለች ይቋረጣል። በማኅበር ሲሆን ግን አንዱ ቢቀር ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ ተራ አውጡ፣ ገንዘቡን በጽሑፍ ያዙ።

የሰዓቱን ነገር አባቶቻችን በሰንበቴ አሳይተውናል። መጀመሪያ ይቀደሳል፣ ከዚያ ማዕዱ ይቀርባል፣ ነዳያንም የቆሎ ተማሪዎችም ይበላሉ። በብዙ አጥቢያዎች የእሑድ ቅዳሴ ጠዋት ሁለት ሦስት ሰዓት ላይ ያልቃል። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ካለ በኋላ ቀኑ ገና ነው። ከዚያው ተነሥታችሁ ሂዱ። የታመመ ሰው በእጅሽ ላይ ሳለ ግን ጥለሽው አትምጪ። በሬው በሰንበት ጉድጓድ ቢገባበት የማያወጣ ማን ነው? ብሏል ጌታ። ይህ ግን ድንገት ለሚያጋጥም ነገር ነው፣ የየሳምንት ፕሮግራም አይሆንም።

አበበች ጎበናን ታውቂያቸዋለሽ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። ወሎ በረኃብ ተመትቶ ነበር። የያዙትን ዳቦና ጠበል ለተራቡት ሰጡ፤ ወላጅ የሌላቸው ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በዓመቱ የሚያሳድጓቸው ልጆች ቁጥር 21 ደረሰ። ትዳራቸውን እስከማጣት የደረሱበት ሥራ ነው። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ልጆች ሲያሳድጉ ኖሩ። እኔን የሚገርመኝ ያን ሁሉ ያዩት ለመሳለም በወጡበት መንገድ ላይ መሆኑ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ላይ የወደቀውን ሰው ዘለን እንድናልፍ ማንም አላስተማረንም።

አሥራትን በተመለከተ፣ አሥራትሽ ለቤተ ክርስቲያን ነው። ምጽዋት ከዘጠኙ እጅ ይወጣል። በእርግጥ በኦሪት ዘዳግም 14 በሦስተኛው ዓመት የሚወጣው አሥራት ለሌዋዊው ብቻ ሳይሆን ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱም እንደሚሰጥ ተጽፏል። ስለዚህ ደመወዝሽ ለሁለቱም አልበቃ ካለ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ በራስሽ ብቻ አትወስኚ።

ከሙስሊሞቹ ጋር ማገልገል ምንም ክፋት የለውም። ቅዱስ ጳውሎስ «ለሰው ሁሉ መልካም እናድርግ» ይላል። ለማዕዱ ሽሮና ምስር ብትሠሩ የሥጋ ጥያቄ ሳይነሣ ሁሉም አብሮ ይበላል። አደራ የምልሽ ግን የአረጋውያኑን ፎቶ ነው። ገላቸው ሲታጠብ፣ ሲጎርሱ እያነሳችሁ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ገንዘብ ቢያስገኝም ክብራቸውን ይነካል። ቀኝሽ የሚሰጠውን ግራሽ አይወቅ ተብለናል።

እናትሽን ደግሞ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አብረሽ ይዘሻት ሂጂ። ልብስ ማጠቡን ለእናንተ ለወጣቶቹ ትተዋለች። እሷ ቡና አፍልታ ከእናቶቹ ጋር ትጫወት። እዚያ ቤት ከምግቡ በላይ የጠፋው የሚያወራቸው እኩያ ነው።