ፎንት ከማውረድሽ በፊት አራት ጥቁር ካሬ ቁረጪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ በስልክ መመለስ ጀምሬ ነበር፤ ሲረዝምብኝ ጊዜ ትቼው ዛሬ ተረጋግቼ ጻፍኩት። ደብረ ብርሃን ሆነሽ ግራፊክ ዲዛይን በራስሽ እየተማርሽ ነው። ፖስተርና ሎጎ ትሠሪያለሽ፣ ያየው ሰው ሁሉ ግን «ያምራል፣ ፊደሉ ግን ምንም አይልም» ይልሻል። ስሜት የሚናገር ፊደል፣ ኤክስፕረሲቭ ታይፖግራፊ የሚባለውን ማለት ነው፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ መማር ይቻላል ወይ፣ የትኛውን ፎንትስ ላውርድ ብለሽ ጠይቀሻል።

ይቻላል። ፎንት ግን አታውርጂ። ኮምፒውተርሽ ላይ ናይላ ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ካለ አንዱን ምረጪና ለሁለት ወር ከእሱ አትውጪ። አዲስ ፎንት በወረደ ቁጥር ፎንቱ ያለውን ስሜት ተውሰሽ ትጠቀሚያለሽ እንጂ አንቺ ምንም አትማሪም።

እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ዲዛይን ተምሬ ተመለስኩ፤ ደብረ ብርሃን ማተሚያ ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚመጡ ልጆች እኔ የተማርኩባቸውን መልመጃዎች አሠራለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ በእጄ የሠራሁትንና ሌሎች ሲሠሩት ያየሁትን ነው።

የመጀመሪያው መልመጃ ፊደል የለበትም። ከጥቁር ካርቶን 3 በ3 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት እኩል ካሬዎች ቁረጪ። ነጭ ወረቀት ላይ ደግሞ 12 በ12 የሆነ ክፈፍ አስምሪ። ከዚያ ስድስት ቃላት ያዢ፤ ሥርዓት፣ መጨመር፣ ድፍረት፣ መጨናነቅ፣ ውጥረት፣ ጨዋታ። እያንዳንዱን ቃል በእነዚያ አራት ካሬዎች ብቻ ታሳያለሽ። ካሬዎቹ ሊነባበሩ፣ ሊዘነብሉ፣ ከክፈፉ ወጥተው ሊቆረጡ ይችላሉ። ሌላ ነገር መጨመር ግን የለም። ለአንድ ቃል ቢያንስ ስምንት ሙከራ ሠርተሽ አንዱን ታስቀሪያለሽ።

በዲዛይን ትምህርት ቤቶች በጣም የታወቀ መልመጃ ነው፤ እኛን መምህራችን ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተር ሳናበራ አሠርቶናል። ያኔ ተናድጄ ነበር፤ ፊደል ልማር መጥቼ ካርቶን ምን ያስቆርጠኛል ብዬ። የገባኝ «ውጥረት» ላይ ስደርስ ነው። አንዱን ካሬ በጣቴ እየገፋሁ የማዕዘኑን ጫፍ ወደ ሌላው ጎን አስጠጋሁት። ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ምንም የለም። ፀጉር የምታህል ክፍተት ስትቀር ዓይኔ እዚያች ነጥብ ላይ ተተከለ፤ ትንፋሼን ሁሉ ያዝኩ። ትንሽ ገፋ ሳደርገው ተነካኩ፣ ውጥረቱም በዚያው ጠፋ፤ ሁለት የተጣበቁ ካርቶኖች ብቻ ሆኑ። ያቺ ፀጉር የምታህል ክፍተት ናት እንግዲህ ታይፖግራፊ። ፊደልም ዞሮ ዞሮ ነጭ ላይ ያረፈ ጥቁር ቅርጽ ነው።

የዚህ ዓይነት አስተማሪነት ከታወቀባቸው ቦታዎች አንዱ የስዊዘርላንዷ ባዝል ናት። እዚያ አርሚን ሆፍማንና ኤሚል ሩደር ተማሪዎቻቸውን ከነጥብና ከመስመር፣ ከጥቁርና ከነጭ ያስጀምሩ ነበር። ሩደር በተለይ ፊደሉ ውስጥና ዙሪያ ያለው ነጭ ቦታ ከጥቁሩ እኩል ሥራ እንዳለው አጥብቆ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ እዚያው ያስተማረው ቮልፍጋንግ ቫይንጋርት ደግሞ ያንን ጥብቅ ሥርዓት እየሰባበረ ፊደልን ያዘለለ ሰው ነው። ግን ልብ በይ፣ ቫይንጋርት እጁን ያፍታታው ከእርሳስ ብረት የተሠሩ የማተሚያ ፊደሎችን አንድ በአንድ በእጁ እየለቀመ በመደርደር ነው። የሰበረውን ነገር በጣቱ ያውቀው ነበር።

ካሬዎቹን ስትጨርሺ ወደ ቃል ትሄጃለሽ። አንድ ፎንት፣ አንድ መጠን፣ ጥቁር ቀለም ብቻ። የምትለውጪው ፊደሎቹ የሚያርፉበትን ቦታና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ነው። ቃላቱን ከምታውቂው አገር ውሰጂ። እኔ ልጆቹን ብርድ፣ ጉምና ቁልቁለት አሠራቸዋለሁ።

«ብርድ» ስትባይ መጀመሪያ የሚመጣልሽ ምንድን ነው? የሁሉም ያው ነው። ፊደሉ ላይ በረዶ ማንጠልጠል፣ ጠርዙን ማንቀጥቀጥ፣ ሰማያዊ መቀባት። ይህ ሥዕል ነው፤ ቃሉን ብታወጪውም ብርዱ እዚያው ይቀራል። አንዲት ተማሪ ግን ሦስቱን ፊደሎች እስኪነካኩ ድረስ አስጠግታ በወረቀቱ ግራ በኩል ታች ጥግ ላይ ወሸቀቻቸው። የቀረው ኤ4 ወረቀት ሙሉ በሙሉ ባዶ። ሌሊት አንድ ጋቢ ውስጥ የተጠቀለሉ ሦስት ወንድማማቾች መሰሉኝ። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ያንን ባዶ ነጭ ሲያይ የጠዋቱን ውርጭ ያስታውሳል። ብርዱን የተናገረው ባዶው ነው፤ ፊደሎቹ የሚሸሹት ብቻ ናቸው።

«ጉም» የእኔ ራስ ምታት ነበር። ጣርማ በርን በክረምት አልፈሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በእግር ፍጥነት ይሄዳል፣ ከፊት ያለው መኪና የሚታየው ልትነኪው ስትቃረቢ ነው። እኔ መጀመሪያ ፊደሉን በኮምፒውተር አደብዝዤ ወሰድኩት። መምህሬ አየውና «ይህማ ጉምን መሳል ነው፣ ቃሉን ምን አደረግከው?» አለኝ። ለአራት ቀን ተሸክሜው ዞርኩ። በመጨረሻ ጉም የሚለውን ቃል ገጹን ሙሉ በመስመር በመስመር ደረደርኩት፤ ከዚያ ከመሀል ጀምሬ አንድ እዚህ፣ ሁለት እዚያ እያልኩ አጠፋሁ። ዓይንሽ መስመሩን ይዞ ሲሄድ ድንገት መንገድ ያጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ማዶ ያገኘዋል። ፊደሎቹ አልደበዘዙም። ጥርት ብለው እንደጠቆሩ ናቸው።

«ቁልቁለት»ን ሁሉም ከላይ ወደ ታች በደረጃ ነው የሚጽፈው። ስህተት አይደለም፣ ግን የደብረ ሲና ቁልቁለት ደረጃ አይደለም፤ ጠመዝማዛ ነው። አንድ ልጅ ቃሉ ውስጥ ቁ ሁለት ጊዜ እንዳለች አየና በየቁዋ ላይ መስመሩን አጠፈው። ሁለት ኩርባ ሆኑ። እኔ ደብረ ሲና ተወልጄ አላየሁትም ነበር።

አሁን ስለ ፊደላችን ልንገርሽ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት። የኢንተርኔት ትምህርቱ ሁሉ በላቲን ፊደል ነው። አሜሪካዊው ዲዛይነር ኸርብ ሉባሊን እ.ኤ.አ. በ1965 ለአንድ መጽሔት የሠራውን የእናትና ልጅ አርማ አይተሽው ይሆናል፤ በእንግሊዝኛው «mother» (እናት) ቃል ውስጥ ያለችው ክቧ «o» እንደ ማሕፀን ሆና ልጁን ታቅፋለች። ግሩም ሥራ ነው። በአማርኛ ልድገመው ብዬ ሁለት ሳምንት ለፋሁ፤ እናት በሚለው ቃል ውስጥ ግን እንደዚያ ልጅ የሚያቅፍ ክብ ሆድ የለም። ሐሳቡ የተወለደው ከዚያ ቃል ቅርጽ ነው። የእኛም ሐሳብ ከእኛ ቃል ቅርጽ መወለድ አለበት።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይም። ኢታሊክም፣ ማለትም ዘመም ያለ ፊደል፣ በባሕሉ የለውም። በሶፍትዌር ስታዘነብዪው እግሮቹ ይወላገዳሉ፤ በተለይ ባነር እንዲሞላልሽ ወደ ጎን አትለጥጪው፣ ቋሚው ወፍሮ ይበላሻል። በምትኩ ያለውን ተመልከቺ። በ ሁለት እግር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ የፊደሉ የግዕዝ ስም ራሱ ቤት ነው። ባ ላይ ግራው እግር ያጥርና በቀኙ ይቆማል። ቦ ላይ ቀኙ ያጥርና በግራው ይቆማል። ባ እና ቦን ጎን ለጎን ትልቅ አድርገሽ አትሚና እያቸው፤ እየተራመደ ያለ ሰው ሁለት እርምጃ ናቸው። ይህ በላቲን የለም። አንዱን ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱንም በእርሳስ እያስነካሽ ገልብጪ፣ ምን እንደተለወጠ በቃል ተናገሪው። በቀን አንድ ፊደል ይበቃል።

ከቻልሽ ቁም ጽሕፈት የሚችል ሰው አጠገብ ተቀመጪ። እኔ አንኮበር አካባቢ አንድ አባት በመቃ ሲጽፉ ግማሽ ቀን አይቻለሁ። መጀመሪያ ብራናውን በወስፌ አሰመሩት፤ ቀለም የለውም፣ የሚታየው ብርሃን በጎን ሲመታው ነው። ከዚያ በ ሲጽፉ ላዩ ቀጭን፣ ሁለቱ እግሮች ወፋፍራም ሆነው ወጡ፤ የመቃው ጠፍጣፋ ጫፍ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን፣ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም ይጥላል። ኮምፒውተር ላይ የምናየው የፊደል ውፍረትና ቅጥነት ከየት እንደመጣ ያን ቀን ገባኝ። አንቺም ሸምበቆ ቆርጠሽ ጫፉን ጠፍጣፋ አድርገሽ ሞክሪው።

ስሜት የሚናገር ጽሑፍ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። በብራና መጻሕፍት የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል፤ ገጹን ገልጠሽ ሳታነቢ ዓይንሽ ቀድሞ ስሙ ላይ ያርፋል። የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ ድጓን ክፈቺና ከቃሉ በላይ ያሉትን ጥቃቅን ምልክቶች እዪ፤ ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚረገጥ፣ የት እንደሚቆረጥ በወረቀት ላይ የሚያሳዩ ናቸው። ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍም ዕድሜውን ሙሉ ፊደልን እየፈታና እየገጠመ ሥዕል ያደረገ ነው፤ ሥራዎቹን ፈልገሽ እያቸው።

በጣም የምወደው መልመጃ የማጥበቅና የማላላት ነው። በአማርኛ አጻጻፍ መጥበቅ አይታይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ይኖራል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ አለቃው ነው። ሥራሽ እንዲህ ነው፤ ያንኑ ቃል ሁለት ጊዜ ጻፊ፣ አንባቢው ያለ ምንም ማብራሪያ አንደኛውን አላልቶ ሌላኛውን አጥብቆ እንዲያነበው አድርጊ። መጥበቁን ለማሳየት ከፊደሉ በላይ ነጥብ መጨመር ክልክል ነው። አንዷ ልጅ «አለ»ን ለንግግሩ ከወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ልትወጣ ስትል አደረገቻት፤ ለመኖሩ ደግሞ የገጹ ታችኛው መስመር ላይ እግሮቿን አስረግጣ አቆመቻት። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሰባት ሰዎች ሁላችንም ትክክል አነበብን። እኔ ያን ቀን ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ይህ መልመጃ የትኛውም የውጭ መጽሐፍ ላይ አይገኝም፣ ከቋንቋችን ነው የሚወጣው።

ቀጥሎ ድምፅ ነው። መናኸሪያ ሂጂና የረዳቱን ጥሪ በስልክሽ ቅጂ። «ሸዋ ሮቢት፣ ሸዋ ሮቢት፣ ሸዋሮቢትሸዋሮቢት፣ አንድ ሰው!» የሚለውን። ቤት ገብተሽ ሃያ ጊዜ ስሚው። የት ይፈጥናል? የት ይውጠዋል? «አንድ ሰው» ላይ ለምን ይረዝማል? አሁን መጠንና ውፍረት መለወጥ ተፈቅዶልሻል፤ ግን እያንዳንዱ ለውጥ ከድምፁ ምክንያት ይኑረው። ጮኸ ብለሽ ሁሉንም ካገዘፍሽው አንዱም አይጮኽም።

እነዚህን ሁሉ ስትሠሪ ሥራውን ግድግዳ ላይ ለጥፊና አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሂጂ። ከዲዛይን ጋር ምንም የማይገናኝ ሰው ጥሪ፤ እናትሽ ብትሆን ይሻላል። «ያምራል ወይ» ብለሽ አትጠይቂ፤ «ምን ተሰማሽ፣ ድምፁ እንዴት ያለ ነው» በያት። ማስረዳት ከጀመርሽ ሥራው አልሠራም ማለት ነው፤ ዝም ብለሽ ጻፊና ነገ ድገሚው። የወደቁትንም አትጣያቸው። ቀን ጽፈሽ በአንድ ፖስታ አስቀምጪ።

ትምህርት ቤት የሚሰጥሽና ቤት የማታገኚው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ያንኑ ቃል ይዘው ሌላ መንገድ የሄዱ አሥር ልጆች ሥራ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ተለጥፎ ማየት ነው። ለዚህ ነው ቅዳሜውን የጀመርኩት። እዚያው ከተማ ስለሆንሽ መምጣት ትችያለሽ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። እስከዚያው ካርቶኑን ቆርጠሽ ጀምሪና በመጀመሪያ «ውጥረት»ን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው። በካሬዎቹ መካከል ያለው ክፍተት እንዲታይ በቀን ብርሃን ይሁን።