ግድቡ ለምን አረንጓዴ ይሆናል? የጠየቃችሁኝና መልሴ

ውሃ ማጣሪያ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ፣ አሁን ሰንዳፋ ነኝ። ስለ ለገዳዲ ግድብ አልጌ፣ ማለትም ውሃውን አረንጓዴ ስለሚያደርገው ደቃቅ ነገር፣ ጠይቁኝ ብል ጥያቄው ጎረፈ።

ጋሼ፣ አልጌው ክረምቱን የት ሄዶ ነው ዝናቡ ካቆመ በኋላ የሚመጣው?

ጎበዝ፣ ጥሩ አስተውለሻል። ጎርፉ ከማሳው ዳፕና ዩሪያ፣ ከግጦሹ እበት ጠራርጎ ነው የሚገባው። ፎስፈረስና ናይትሮጅን ለአልጌ ቀለብ ነው። ግን ክረምቱን ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ብርሃን አያስገባም። የለገዳዲ ጭቃ ደግሞ ደቃቅ ሸክላ ነው፣ ቶሎ አይዘቅጥም። ቀለብ አለ፣ ብርሃን የለም። ጭቃው ጋብ ሲልና ፀሐይ ስትወጣ ያኔ ጉድ ይፈላል።

ታዲያ ገበሬው ማዳበሪያ ቢቀንስ አይበቃም?

ይረዳል፣ ወዲያው ግን አይደለም። ፀሐይ ስትበረታ የላዩ ውሃ ይሞቃል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይቀራል፣ ነፋስ ከሌለ ሁለቱ አይደባለቁም። የታችኛው ኦክስጅን ሲያልቅበት ደለሉ የያዘውን ፎስፈረስ ይለቃል። ግድቡ ከ50 ዓመት በላይ ደለል ሲጠራቀምበት ኖሯል፣ ስለዚህ ዘንድሮ ምንም ባይገባ እንኳ የድሮው ቀለብ አለ። ሰው ሁሉ ገበሬውን ብቻ ሲወቅስ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

ዳር ላይ ቀለም የተደፋ የሚመስለው ምንድነው?

ሳይኖባክቴሪያ ነው፣ አልጌ ብለን የምንጠራው ግን በእውነቱ ባክቴሪያ የሆነ። ሴሉ ውስጥ አየር የያዙ ትንንሽ ከረጢቶች ስላሉት ይንሳፈፋል። አንድ ጠዋት በብርጭቆ ቀድቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት፣ ቡናዬን ጠጥቼ ስመለስ አረንጓዴው ሁሉ ላይ ወጥቶ እንደ ስልባቦት ተጋግሯል።

ከዳር ቀድተን ብናፈላውስ?

በፍጹም! አንዳንዱ ማይክሮሲስቲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው፣ ማፍላት አያጠፋውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ከብትም አታጠጡ።

መድኃኒት ረጭቶ መግደልስ?

መዳብ ሰልፌት ይገድለዋል። ግን ሴሉ ሲፈነዳ የያዘው መርዝ ውሃው ውስጥ ይፈሳል። ከነሕይወቱ በማጣሪያ ማስቀረት ይሻላል።

የቧንቧችን ውሃ አፈር አፈር ይሸታል፣ መርዝ ነው?

ሽታው ብዙ ጊዜ ሳይኖባክቴሪያው የሚያወጣው ጂኦስሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ ራሱ መርዝ አይደለም። አፍንጫችን ኢምንቱን ስለሚለይ ነው።

የኛ በርሜልስ አረንጓዴ የሆነው ከግድቡ መጥቶ ነው?

ኧረ በርሜሉን ክደኑት! ጥቁር ሮቶ ውስጥ እኮ አይበቅልም፣ ብርሃን የለማ።