የእንግሊዝ ክለብ ፈልጎኛል፤ ትምህርቴን ላቋርጥ?

የዛሬው ጥያቄ የመጣው ከደብሊን ነው። ጸሐፊው 17 ዓመቱ ነው። ወላጆቹ ከአዲስ አበባ ሄደው አየርላንድ የኖሩ ናቸው፤ እሱም እዚያው ተወለደ። በአንድ የአየርላንድ ሊግ ክለብ ታዳጊ ቡድን ውስጥ አማካይ ሆኖ ይጫወታል፤ ዘንድሮ ዋናው ቡድን ለልምምድ እየጠራው ነው። የአንድ ትልቅ የእንግሊዝ ክለብ መልማይ ሲጫወት አይቶት ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግሯል። የዋናው ቡድን ልምምድ ጠዋት ስለሆነ አባቱ "ትምህርቱ ይቆይ፣ ኳስህ ላይ አተኩር" ብለውታል። እናቱ ፋርማሲስት እንዲሆን ይፈልጋሉ። አጎቱ ለዋልያዎቹ ቢሰለፍ ደስ ይላቸዋል። እሱ የጠየቀኝ "እዚያ ትልቅ ክለብ ውስጥ ምን ያህል ዕድል አለኝ?" ብሎ ነው።

ወንድምዓለም፣ ስለ ዕድልህ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ደብዳቤህ መሀል ጣል አድርገህ ያለፍካትን ነገር ላንሳ። አባትህ አዲስ አበባ ለጀመሩት ቤት ቀሪውን ክፍያ "ልጁ ሲፈርም እንከፍላለን" ብለው ለዘመድ እንደተናገሩ ጽፈሃል። ከዚያ ወዲህ አንድ ጨዋታ ባበላሸህ ቁጥር እንቅልፍ እንደማይወስድህም ጽፈሃል።

አባትህን አከብራለሁ። ሌሊት ታክሲ እየነዱ ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው። ግን የቤት ዕዳ በ17 ዓመት ልጅ ላይ መጫን ልክ አይደለም። ይህን ነገር በሥራዬ በየጊዜው አየዋለሁ፤ ኳስ ላይ ብቻም አይደለም። ልጅቷ ነርሲንግ ሳትጨርስ ደመወዟ ለእህት ትምህርት፣ ለአጎት መኪና፣ ለአያት ሕክምና ይደለደላል። ገንዘቡ ሳይመጣ ያልቃል። ልጁ ሲወድቅ ደግሞ የሚያዝንለት አያገኝም፣ የሚቆጣው ብቻ ነው ያለው።

የኳስ ገንዘብ እንዴት እንደሚመጣ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ በትክክል የገባው ሰው ያለ አይመስለኝም። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የዝውውር ሒሳብ የክለቡ ነው። ሜሰን ሜሊያ የሚባለውን አጥቂ ታውቀዋለህ። ቶተንሃም ከሴንት ፓትሪክስ አትሌቲክ ሲገዛው በአየርላንድ ሊግ ታሪክ ከፍተኛው ዋጋ ተከፈለበት። ያ ገንዘብ የገባው ሴንት ፓትሪክስ ካዝና ነው። የተጫዋቹ ድርሻ ደመወዙ ነው። ቴሌቪዥን ላይ የሚወራው የሳምንት ደመወዝም የዋናው ቡድን ነው፤ ዋናውን ቡድን ያልነካ የ18 ዓመት ልጅ ያን አያገኝም። ካገኘውም ላይ ግብር አለ፣ ኤጀንት አለ፣ ኪራይ አለ። ውሉ አጭር ነው። ጉልበትህ አንዴ ከተጎዳ የውልህ ግማሽ በማገገሚያ ክፍል ያልቃል።

እዚህ ላይ ስልኩን ለአባትህ ስጣቸው። ጋሼ፣ የቤቱን ክፍያ በራስዎ ገቢ ያስሉት። ካልበቃ ቤቱ ይዘግይ፣ ወይም ይሸጥ። ልጁ ወደፊት ከረዳዎት እሰየው። እስከዚያው ግን ቤት ውስጥ ስለ ፊርማ ባይወራ ይሻላል። ከጨዋታ ሲመለስ "ስንት ሰው አየህ፣ ማን መጣ?" ማለቱን ትተው "በላህ ወይ?" ይበሉት። ለዘመድም ይደውሉና "ያልኩት ነገር ገና ነው" ይበሉ። ያቺ አንዲት ስልክ ለልጅዎ ከማንኛውም አሰልጣኝ የበለጠ ትጠቅመዋለች።

ስልኩን ተቀበላቸው። አሁን ወደ ጥያቄህ።

(ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እጽፋለሁ።) እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ፣ ከ2021 ጀምሮ፣ የእንግሊዝ ክለብ የአየርላንድን ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላው ማስፈረም አይችልም። ፊፋ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ከአገር አገር እንዲዘዋወሩ የሚፈቅደው በአውሮፓ ኅብረትና በኢኮኖሚ ቀጠናው ውስጥ ነው፤ እንግሊዝ ደግሞ አሁን ከዚያ ውጭ ናት። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሊያም ብሬዲ ከደብሊን ተነስቶ አርሴናል ሲገባ 15 ዓመቱ ነበር። ብዙ ሰው አዲሱን ሕግ ያማርራል። እኔ ወድጄዋለሁ።

ለምን መሰለህ? ሮይ ኪንን ውሰድ። የኮርክ ልጅ ነው። በልጅነቱ ትንሽ ነው ተብሎ የእንግሊዝ ክለቦች አልፈለጉትም። ኮብ ራምብለርስ በሚባል ትንሽ ክለብ ከጎልማሶች ጋር ሲጋፋ ቆየ። ኖቲንግሃም ፎረስት በ1990 በ47 ሺህ ፓውንድ ሲወስደው 18 ዓመቱ ነበር፤ ማለትም ዛሬ ሕጉ በሚፈቅደው ዕድሜ። በዚያው ዓመት አንፊልድ ላይ ሊቨርፑልን ገጠመ። በ1993 ማንቼ በ3.75 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። የቀረውን አንተም ታውቃለህ።

ዌስ ሁላሃን ደግሞ እንዳንተ የደብሊን አማካይ ነው። ከሼልቦርን ተነስቶ በስኮትላንዱ ሊቪንግስተን፣ ከዚያ በብላክፑል፣ ከዚያ በኖርዊች በኩል ዞሮ ፕሪሚየር ሊግ የረገጠው በ2011 ነው። 29 ዓመቱ ነበር። በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ ስዊድን ላይ ያገባት ጎል የመጣችው ከዚህ ሁሉ ዙር በኋላ ነው።

በሌላ በኩል ጃክ ባይርን አለ። እሱም የደብሊን አማካይ ነው፤ ጎበዝ። ገና ልጅ ሳለ ማንቸስተር ሲቲ ወሰደው። በውሰት ሆላንድ ሄዶ ካምቡር ውስጥ ተጫወተ። ለሲቲ ዋና ቡድን ግን በይፋዊ ጨዋታ ሳይሰለፍ ለቀቀ። ጥቂት ክለቦችን ዞሮ በ2019 ወደ ደብሊን ተመለሰና ሻምሮክ ሮቨርስ ገባ። እዚያ በየሳምንቱ ሲሰለፍ ያው ልጅ አበበ፤ በዚያው ዓመት ለአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን ተጠራና ተጫወተ። ችሎታው የትም አልሄደም ነበር። ያጣው ጨዋታ ነው።

አማካይ መሆንህ ነገሩን ያከብደዋል። ትልቅ ክለብ የመስመር ተከላካይ ሲጎዳበት ከታዳጊው ቡድን ልጅ አውጥቶ ያሰልፋል። መሀል ሜዳ ላይ ግን ገንዘብ ያፈሳል። አርሴናል ለዴክላን ራይስ፣ ቼልሲ ለኤንዞ ፈርናንዴዝና ለሞይሰስ ካይሴዶ በ2023 ያወጡትን አስብ፤ እያንዳንዱ 100 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ኳስ ከተነጠቅክ ከኋላህ የሚሸፍንህ ጥቂት ነው። አሰልጣኝ ሥራውን በ18 ዓመት ልጅ አያስይዝም።

መልማዩ የነገረህ የማይመስለኝ ሌላ ነገር አለ። በፕሪሚየር ሊግ የ25 ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ እዚያው አገር ያላደጉ ተጫዋቾች ከ17 መብለጥ አይችሉም። እዚያው ያደገ ለመባል ደግሞ ዜግነት አይጠየቅም። 21 ዓመት የሚሞላበት የውድድር ዘመን ከማለቁ በፊት ሦስት ዓመት በእንግሊዝ ወይም በዌልስ ክለብ መመዝገብ ይበቃል። አንተ 18 ሲሞላህ ብትሻገር ለጥቂት ትደርሳለህ። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ የተፈለግከው በችሎታህ ብቻ አይደለም፤ የሒሳብ ሥራም አለበት። ይህን የምነግርህ ላሳንስህ ብዬ ሳይሆን ስትደራደር እንድታውቀው ነው።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። በ20 ዓመትህ የዚያ ትልቅ ክለብ ቋሚ አማካይ ትሆናለህ ብዬ አልወራረድም። በየሳምንቱ ከተጫወትክ ግን በ23 ዓመትህ የሆነ አገር፣ የሆነ ሊግ ውስጥ ከኳስ እንጀራ ትበላለህ ብዬ እወራረዳለሁ። ስለዚህ ከትልቁ ስም ይልቅ የሚያሰልፍህን ክለብ ምረጥ። ሻምፒዮንሺፕም ሊሆን ይችላል፣ ሊግ ዋንም (ከፕሪሚየር ሊግ በታች ያሉት ሁለቱ የእንግሊዝ ሊጎች ናቸው)። አንድ ዓመት ደብሊን ቆይቶ ዋናው ቡድን ውስጥ መጫወትም ሊሆን ይችላል።

ወደ ትንሹ ቤት እንደማደላ ዐውቀህ አንብበኝ። እኔ በሒሳብ ሠራተኛነት የጀመርኩት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። ደረሰኝ ከመለጠፍ እስከ ዓመት ሒሳብ መዝጋት፣ ከገቢዎች ጋር እስከ መጨቃጨቅ ሁሉም እኔው ላይ ነበር። ማታ ማታ ኤክስቴንሽን እማራለሁ። ትልቅ ባንክ የገቡት ጓደኞቼ ጥሩ ለብሰው አንድ ዓይነት ቅጽ ሲሞሉ ነበር። ዛሬ ሰው ሲያማክረኝ ያ ቢሮ ከኋላዬ ቆሞ የሚያወራ ይመስለኛል።

ትምህርቱን አታቋርጥ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 18 የሚሞላህ ማርች ላይ ነው ብለሃል። የእንግሊዝ የጃንዋሪ ዝውውር መስኮት (ክለቦች ተጫዋች የሚያስፈርሙበት ጊዜ) ያኔ ተዘግቷል። ቀጣዩ የሚከፈተው ጁን ላይ ነው። ሊቪንግ ሰርትህም፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናህ፣ ጁን ላይ ነው። አየኸው? ዛሬ ትምህርት ብታቆም እንግሊዝ አንድ ቀን እንኳ ቀድመህ አትገባም። የምታተርፈው ጥቂት የጠዋት ልምምድ ነው፤ እሱንም በሌላ መንገድ ማግኘት ይቻላል።

ስንት የትምህርት ዓይነት ነው የያዝከው? አብዛኛው ተማሪ ሰባት ይወስዳል፤ ለዩኒቨርሲቲ ነጥብ የሚቆጠሩት ግን የተሻሉት ስድስቱ ናቸው። ሰባተኛውን ጣለው፤ እሱ ክፍለ ጊዜ ነፃ ይሆናል። ከዚያ የትምህርት ቤቱን ኃላፊና የክለቡን አሰልጣኝ በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጣቸው። በሳምንት ሁለት ጠዋት ከዋናው ቡድን ጋር፣ የቀረው ማታ ከታዳጊው ጋር ቢሆን ሁለቱም የሚያብዱ አይመስለኝም። ክለቡ በእርግጥ የሚፈልግህ ከሆነ ይህን አይከለክልህም። ከከለከለህም ስለ ክለቡ አንድ ነገር ተማርክ።

የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻውን እስከ ፌብሩዋሪ 1 አስገባ። ምደባ ካገኘህና እንግሊዝ ከሄድክ ቦታህን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩልህ መጠየቅ ትችላለህ። ካልሄድክ ደግሞ ዩሲዲን (ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊንን) ተመልከት። ዩኒቨርሲቲው በአየርላንድ ሊግ የሚወዳደር ክለብ አለው፣ ለተጫዋች የትምህርት ድጋፍም ይሰጣል። ዴቪድ ማክሚላን እዚያ አርክቴክቸር ተምሮ፣ በኋላ በ2016 ከአየርላንዱ ክለብ ደንዶክ ጋር በቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ የቤላሩሱን ባቴን በሁለት ጎል የመታ አጥቂ ነው። አርክቴክትም ነው፣ ኳስ ተጫዋችም።

ለእናትህ፦ ፋርማሲ ነጥቡ ከባድ ነው። ልጁ ራሱ ካልፈለገው በእናት ምኞት ብቻ የሚገፋ ትምህርት አይደለም።

ለአጎትህ፦ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። ይህ ወሬ ለጊዜው ይቆይ።

ጣሊያን የአውሮፓ ኅብረት አገር ስለሆነች በ16ም በ17ም ይቀበላል፤ ኬቨን ዜፊ በ2021 ከሻምሮክ ሮቨርስ ኢንተር ሚላን ገብቷል። ለአንተ ግን በመጨረሻው የትምህርት ዓመት አገርና ቋንቋ መቀየር አይታየኝም።

ኤጀንት ከመጣ ፈቃድ እንዳለው ፊፋ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልግ። "ለሙከራ ማመቻቻ" ብሎ ከአባትህ አንድ ዩሮ ከጠየቀ በሩን አሳዩት።

አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። "ደብሊን ነው የተወለድኩት" ብለሃል፤ ስለ ፓስፖርትህ ግን አልጻፍክም። ከ2005 ወዲህ አየርላንድ መወለድ ብቻውን ዜጋ አያደርግም። ወላጆችህ ያኔ ዜጎች ካልነበሩ፣ ከመወለድህ በፊት ባሉት አራት ዓመታት ውስጥ አንዳቸው ቢያንስ ሦስቱን በሕጋዊ ፈቃድ መኖር ነበረባቸው፤ የጥገኝነት መልስ ሲጠበቅ ያለፈው ጊዜ አይቆጠርም። የአየርላንድ ፓስፖርት ካለህ እንግሊዝ ለመሥራት ፈቃድ አያስፈልግህም። ከሌለህ እንደ ማንኛውም የውጭ ተጫዋች በነጥብ ትመዘናለህ፤ የዋና ቡድን ጨዋታ የሌለው ልጅ ያን ነጥብ በቀላሉ አያገኝም። ዛሬ ማታ እናትህን ጠይቅ። ከሌለህ ማመልከቻው ዛሬ ነገ አይባልም፤ ጊዜ ይወስዳል።

መልማዩ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ አባትህ ስለ ደመወዝ ከመጠየቃቸው በፊት አንተ ጠይቅ። ከአየርላንድ የወሰዳችኋቸው አማካዮች አሁን የት ነው የሚጫወቱት? በስንት ዓመታቸው በውሰት ወጡ? የሚያሠለጥነኝ ማን ነው፣ እሱስ ሲጫወት አይቶኛል? ማረፊያዬ የት ነው? ብጎዳ ውሌ ምን ይላል? ስም እየጠራ ይመልስልህ። የነገረህን ጻፍልኝ፤ አብረን እናየዋለን።