ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ሲሆን ቪም ለምን እምቢ ይላል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ገብቶኛል። ቪም ጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ነው፤ ኢስኬፕ ስትነካ ቁልፎቹ ፊደል መጻፋቸውን ትተው ትእዛዝ ይሆናሉ። አማርኛ ጽፈህ ኢስኬፕ ትነካለህ፣ ከዚያ በጄና በኬ ወደ ታች ወደ ላይ ልሂድ ስትል ጠቋሚው ንቅንቅ አይልም፤ ጅ እና ክ ብቻ ብቅ ይላሉ። ኤፍ 1 ላይ ያደረግከው ትእዛዝ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። እኔም አልፌበታለሁ። አንዴ ኢስኬፕ የነካሁ መስሎኝ መስመር ላጥፋ ብዬ ዲን ሁለቴ መታሁ። መስመሩ አልጠፋም፣ ደብዳቤው መሃል «ድድ» ተጽፎ ቀረ። ያየሁት ፕሪንት ካደረግኩት በኋላ ነው። ጉዳዩ ደግሞ የጥርስ ሕክምና አልነበረም።

ቪም ላይ አትፍረድ። ቁልፉ እሱ ጋ ሳይደርስ ሌላ እጅ ላይ ይወድቃል። አይባስን የመሰለው የሲስተሙ የአማርኛ መጻፊያ ዲ ስትመታ ድ ብሎ ከሥሩ አስምሮ ይይዝና ቀጥሎ አናባቢ ይመጣ እንደሆነ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ቁልፉን ማን እንደበላው እወቅ። ኢንሰርት ሞድ (ፊደል የሚጻፍበት ሁኔታ) ሆነህ ኮንትሮል ቪ ምታ፣ ቀጥሎ የጠረጠርከውን ቁልፍ ንካ። ኮድ ከወጣ ቪም ጋ ደርሷል ማለት ነው፣ የቀረው የማፕ፣ ማለትም ለቁልፉ ሥራ የመስጠት፣ ጉዳይ ነው። ምንም ካልወጣ መንገድ ላይ ቀርቷል። ኤፍ 1ን አንዳንድ ቴርሚናሎች (ቪም የሚከፈትባቸው የትእዛዝ መስኮቶች) ሄልፕ ለመክፈት ስለሚወስዱት የቴርሚናሉ ሾርትከት ውስጥ ገብተህ አጥፋው፤ ላፕቶፕ ከሆነ ኤፍ ኤንንም ጠርጥር። ኮንትሮል አይን ከታብ ለይቼ ማፕ አደርጋለሁ ብለህ ግን አትልፋ፣ በተለመደው ቴርሚናል ሁለቱም የሚልኩት ያንኑ 9 ቁጥር ነው።

ወደ አማርኛው ስንመጣ፣ ብዙ ሰው ላንግማፕ ተጠቀም ይልሃል፤ የሌላ ቋንቋ ፊደልን ለትእዛዝ ወደ እንግሊዝኛ ቁልፍ የሚመልስ የቪም ሴቲንግ ነው። እኔም ሁለት ሌሊት ፈጀሁበት። ለራሺያኛና ለግሪክኛ አሪፍ ነው፣ እዚያ አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ነዋ። የኛ ሀ ግን ከሁለት ቁልፍ ነው የሚወለደው።

የገላገለኝ የቪም የራሱ ኪማፕ ነው። የሲስተሙን ኪቦርድ እንግሊዝኛ ላይ ትተወዋለህ፣ ፊደሉን የሚቀይርልህ ቪም ራሱ ይሆናል። ኢንሰርት ሞድ ውስጥ ኮንትሮልና 6 ስትመታ አማርኛ፣ ደግመህ ስትመታ እንግሊዝኛ። ኢስኬፕ ስትነካ ጄ ጄ ነው፣ ዲም ዲ ነው። ደስ የሚለው ደግሞ በኤፍ ቁልፍ አንድ ፊደል ስትፈልግ ወይም በአር ቁልፍ ስትተካ ራሱ አማርኛውን ይቀበላል።

የኪማፑን ፋይል እኔ በእጄ ነው የጻፍኩት። 33 ፊደል በ7፣ 231 መስመር፤ በአንድ ምሽት ያልቃል። በግራ የምትመታውን፣ በቀኝ ፊደሉን፣ በቃ። የሚያበሳጨው ሰዓቱ ነው። ቪም ቀጣዩን ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደሚጠብቅ የሚወስነው ታይምአውትሌን የሚባለው ሴቲንግ ካልነካኸው 1000 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰከንድ ነው። ኤችን መትተህ ስልክ ካነሳህ ህ ይጻፍና ቀጥሎ የምትመታው አናባቢ ብቻውን ይቀራል። ቀስ ብለህ የምትጽፍ ከሆነ ከፍ አድርገው። ኢስኬፕ ይዘገይብኛል ብለህ እሱን እንዳትቀንስ፤ ለኢስኬፕ ቲታይምአውትሌን የሚባል ለብቻው አለ፣ እሱን 50 አድርገው።

ዲቃላዎቹን ደግሞ አትርሳ። እኔ እነ ሏን እነ ሟን በኋላ እጨምራለሁ ብዬ ፋይሉን ዘግቼ ስሞክረው መጀመሪያ ልጽፍ ያሰብኩት ቃል «ቋንቋ» ሆኖ ቁጭ አለ።