ወደ ሰሜን ስንሄድ ይመታል፣ ወደ ደቡብ ስንመለስ ዝም

አንድ ወንድማችን ከሚልዋኪ ጽፎልኛል። ከጓደኛው ጋር ጀልባ ገዝተው ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ኪንግ ሳልሞን ያሳድዳሉ። ለማያውቅ፦ ፍላይ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ነው፤ ፍላሸር ከፍላዩ ፊት እየተሽከረከረ የሚያብለጨልጭ ሳህን፤ ሊደር ሁለቱን የሚያገናኝ አጭር ክር፤ ዳውንሪገር ደግሞ በሽቦ በተንጠለጠለ ከባድ ኳስ ማጥመጃውን ወደ ጥልቅ የሚያወርድ መሣሪያ። ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«8 ኢንች ፍላሸር ከኋላው ፍላይ አስረን በዳውንሪገር 70 ጫማ እናወርዳለን። ፍላዩን ያሰርኩት በ40 ኢንች ሊደር ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያየሁት እንደዚያ ነው። ዓሣው እንዳያየው ብዬ ቀጭኑን ባለ 20 ፓውንድ ክር ተጠቀምኩ። ጂፒኤሱ ላይ ፍጥነታችን ሁሌም በሰዓት 2.5 ማይል ነው። ወደ ሰሜን ስንሄድ ይመታል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይያዝ ያመልጣል። ወደ ደቡብ ስንመለስ ጭራሽ ዝም ነው። ቀለም መቀያየር ሰለቸን። ምን ትመክረናለህ?»

ወንድሜ፣ ቀለሙን ለጊዜው ተወው። መልሱ እዚያው ደብዳቤህ ውስጥ አለ። አንዱ ችግር ሊደርህ ላይ ነው፣ ሌላው ፍጥነትህ ላይ። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ፍላይ በራሱ አይንቀሳቀስም።

ፍላይ ማለት የሚብለጨለጭ ጭረት (ቀጫጭን ክር መሰል ነገር)፣ ጥቂት ዶቃና መንጠቆ ነው። ብቻውን ብትጎትተው ቀጥ ብሎ ይከተልሃል። ነፍስ የሚዘራበት ከፊቱ የሚዞረው ፍላሸር ነው። ፍላሸሩ ሰፊ ክብ እየሠራ ሲሽከረከር ሊደሩን ወደ ጎን ይወረውረዋል። ፍላዩም ዘለል ይላል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ዘለል ይላል። ብልጭታው ሳልሞኑን ከሩቅ ይጠራዋል፤ አፉን የሚያስከፍተው ግን ይህ መወራጨት ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ስታስተካክል «ውርወራው ፍላዩ ጋ ይደርሳል ወይ?» ብለህ ጠይቅ።

አሁን ወደ ሊደርህ። ያየኸው 40 ኢንች ሐሰት አይደለም፤ ግን የሌላ ዕቃ ልክ ነው። በፓሲፊክ ዳርቻ የተለመደው ትልቁ ባለ 11 ኢንች ፍላሸር ነው። የሚሠራው ክብ ሰፊ፣ ግፊቱም ብርቱ ስለሆነ ረጅም ሊደር ይችላል። ያንተ 8 ኢንች ግን ያን ያህል ጉልበት የለውም። በ40 ኢንች ክር ውስጥ ውርወራው መንገድ ላይ ይሞታል። ከ20 እስከ 24 ኢንች አድርገው። የምለካው ከፍላሸሩ ጭራ እስከ መንጠቆው ነው። እኔ 22 ላይ እጀምራለሁ። ዓሣው እየመጣ ካልነከሰ ሁለት ኢንች አሳጥራለሁ፤ ፍላዩ የበለጠ ይወራጫል። ውሃው በጣም ከቀዘቀዘና ዓሣው ከደከመ ደግሞ ትንሽ አስረዝማለሁ፤ እንቅስቃሴው ረጋ ይላል።

ውፍረቱም ልክ አይደለም። ለዚህ ሥራ ባለ 50 ፓውንድ ክር ውሰድ፣ ፍሎሮካርቦንም ሆነ ተራው ናይለን። ዋናው ምክንያት እንዳይበጠስ አይደለም። ቀጭንና ልም ክር ይታጠፍና ውርወራውን ይውጠዋል፤ ወፍራሙ ግትር ስለሆነ እስከ ፍላዩ ያስተላልፈዋል። «ያየዋል» ለሚለው ስጋትህ ደግሞ፣ ከክሩ ፊት አንድ ትልቅ የሚያብረቀርቅ ሳህን እየተሽከረከረ ነው። ዓሣው ወደዚያ ሳህን ከመጣ በኋላ በክር ውፍረት የሚመለስ አይመስለኝም።

«ይመታል ግን አይያዝም» ላልከው ሌላም የሚታይ ነገር አለ። አንዱን ፍላይ ውሃ ነክረህ በራሱ በኩል ያዝና ወደታች አንጠልጥለው። ጭረቱ እርጥብ ሆኖ ሲሰበሰብ መንጠቆው የት እንደሚውል እይ። የመንጠቆው መታጠፊያ ከጭረቱ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ጭረቱ መሃል ተደብቆ ታገኘዋለህ። ኪንግ ከኋላ መጥቶ ጭራውን ሲቀነጥብ የሚያገኘው ጭረት ብቻ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በፍላዩ ራስና በመንጠቆው መካከል፣ ሊደሩ ላይ ዶቃ ጨምር። አንድ ዶቃ በጨመርክ ቁጥር መንጠቆው ወደ ኋላ ይወርዳል። ልኩ ሲመጣ በዓይንህ ታየዋለህ። ይህን ወደብ ላይ እያለህ ለሁሉም ፍላይ አድርገው፤ ማዕበል ላይ ዶቃ መሰካት አበሳ ነው።

መንጠቆውን በጥፍርህ ላይ ሞክረው። ከተንሸራተተ ሳለው ወይም ቀይረው። ከዋናው ክር ጋር የምታገናኝበት ስዊቭል (ክሩ እንዳይገመድ የሚዞረው ማያያዣ) ባለ ኳስ ቤሪንግ ይሁን፤ ርካሹ ስዊቭል ጭነት ሲበዛበት አይዞርም፣ ክርህም ይገመዳል። ከዳውንሪገሩ ኳስ እስከ ፍላሸሩ ያለው ርቀት ከ15 እስከ 20 ጫማ ይበቃል።

ወደ ዋናው ልምጣ። ሰሜን ላይ ይመታል፣ ደቡብ ላይ ዝም ማለቱ ዓሣው አቅጣጫ ስለሚመርጥ አይደለም። ጂፒኤስ የሚነግርህ ጀልባህ ከመሬት አንጻር ስንት እንደሚሄድ ነው። ፍላሸሩ ግን የሚያውቀው በዙሪያው ያለውን ውሃ ብቻ ነው። ሚሺጋን ሐይቅ ውስጥ ደግሞ ከላይና ከታች ያለው ውሃ የየራሱ መንገድ አለው። እንበልና 70 ጫማ ላይ ያለው ውሃ በሰዓት ግማሽ ማይል ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ፊት ለፊት ስትገጥመው ፍላሸርህ በ3 ማይል ይጎተታል። አብረኸው ስትሄድ በ2 ማይል። ጂፒኤሱ በሁለቱም ጊዜ 2.5 ይላል። ለፍላሸር ይህ የሰማይና የምድር ልዩነት ነው። ሲዘገይ መዞሩን ትቶ ይወዛወዛል፤ ሲበዛበት ባለበት ጠባብ ክብ እየሠራ ይበራል፣ ፍላዩም ሳይዘል ቀጥ ብሎ ይከተላል። አብዛኛው ፍላሸር ደስ የሚለው ታች ላይ ከ2 እስከ 2.8 ማይል ባለው መካከል ነው።

አቅም ካለህ ኳሱ ላይ የሚንጠለጠል፣ የታችኛውን ውሃ ፍጥነትና ሙቀት የሚነግር መሣሪያ አለ፤ ግዛው። ጀልባው ላይ ከምትጨምረው ዕቃ ሁሉ እሱን አስቀድማለሁ። እስከዚያው የዳውንሪገሩን ሽቦ ተጠቀም። የኳሱ ክብደትና ጥልቀቱ ካልተለወጠ፣ ሽቦው ወደ ኋላ የሚያጋድለው እንደ ታችኛው ጉተታ ነው። ሰሜን ስትሄድ ዓሣ ሲመታ ጋዙን ሳትነካ የሽቦውን ማጋደል ልብ ብለህ እይ። ጀልባው ጠርዝ ላይ በቴፕ ምልክት አድርግ። ወደ ደቡብ ስትዞር ጂፒኤሱን እርሳው። ሽቦው ምልክቱ ጋ እስኪደርስ ጋዙን ጨምር ወይም ቀንስ። ጂፒኤሱ 1.9 ወይም 3.1 ቢል አትደንግጥ።

ጨምር ወይስ ቀንስ የሚለውን ደግሞ መታጠፊያ ይነግርሃል። ጀልባው ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያሉት ክሮች ይዘገያሉ፣ በውጭ በኩል ያሉት ይፈጥናሉ። ቀጥ ብለህ ስትሄድ ዝም ያለው የማጥመጃ ዘንግ ስትታጠፍ በውጭ በኩል ከተመታ ዘግይተሃል፣ ጨምር። በውስጥ በኩል ከተመታ ፈጥነሃል፣ ቀንስ። አንዴ ብቻ ሲሆን ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ሲደጋገም ግን እመነው። ዓሣ ባይኖርም በየተወሰነ ጊዜ ሰፋ አድርገህ ታጠፍ፣ ከዚያ መልሰህ ወደ ሌላው ጎን። ሥራ ፈት ሆነህ ከመቀመጥ ይሻላል።

ከማውረድህ በፊት ሁሌም ጀልባው አጠገብ እይ። ፍላሸሩን ጥቂት ጫማ ልቀቅና በመሄጃ ፍጥነትህ ተመልከተው። ሰፊና እኩል ክብ ይሠራል? ፍላዩ እንደ ጅራፍ ጫፍ ወደ ጎን ይወረወራል? ካልሆነ ታች ወርዶም አይሻለውም። ጭራውና ራሱ ተገላብጦ ታስሮ እንደሆነ፣ ወይ አረም ይዞ እንደሆነ አረጋግጥ። በበጋ የውሃ ቁንጫ ክሩ ላይ እንደ ጥጥ ይከማቻል፤ ክሩን ስታነሳ በጣትህ ጥረገው።

ጥልቀቱን በተመለከተ 70 ጫማ ላይ ሙጭጭ አትበል። ኪንግ የሚወደው ከ48 እስከ 55 ፋረንሃይት የሆነ ውሃ ነው፣ እሱ ደግሞ ከቀን ቀን ቦታ ይቀይራል። የደቡብ ወይም የምዕራብ ነፋስ ሲደጋገም ሞቃቱን የላይ ውሃ ከእናንተ ምዕራባዊ ዳርቻ ይገፋዋል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይወጣል። በዚያን ጊዜ ዓሣው 30 ጫማ ላይ፣ ከምታስበው በላይ ለዳርቻው ቀርቦ ሊገኝ ይችላል።

ሲመታ ዘንጉን አትንጠቅ። ከመያዣው አውጥተህ ክብደቱ እጅህ ላይ እስኪመጣ በፍጥነት ጠምጥም። የሪሉን (የክር መጠምጠሚያውን) ማጥበቂያ ላላ አድርገው፤ ትልቅ ኪንግ መጀመሪያ ሲሮጥ ክር መውሰድ አለበት። ዓሣውን ካወጣህ በኋላ ሊደሩን በከንፈርህ ወይም በጥፍርህ ዳስሰው። ሻካራ ካገኘህ ቁረጥና አዲስ እሰር። ተዘጋጅተው የታሰሩ ጥቂት ፍላዮች አጠገብህ ይኑሩ።

ይህን ሁሉ አስተካክለህ አሁንም ዝም ካለ፣ ያኔ ቀለም ቀይር። ሁሉንም ዘንግ በአንዴ ግን አትቀይር። ለፀሐይ መውጫና ለጨለማ ሰዓት በጨለማ የሚያበራውን፣ ቀን ላይ ነጭና አረንጓዴውን አንዱ ዘንግ ላይ ብቻ ሞክር። የቀሩትን ባሉበት ተዋቸው። አለበለዚያ ዓሣ ሲመታ ምን እንዳስመታው ማወቅ አትችልም።