መልስ፦ ምርጥ ዘር ወይስ የአባት ማሽላ?

ወንድሜ፣ «ወሎ፣ ቆቦ ላይ ምርጥ የማሽላ ዘር ልዝራ ወይስ የአባቴን ነባር ማሽላ፣ ደጋሊትን?» ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱንም ዘርቼ አይቻለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ነገር፣ የአባትህም ዘር የተመረጠ ነው። እናቴ በአጨዳ ሰሞን ግጥም ያለውን የማሽላ ራስ ለይታ ከምድጃው በላይ ትሰቅለው ነበር። ጭሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ዘር ማሻሻል የተጀመረው እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው።

የምርጥ ዘሩ ትልቁ ጥቅም ቶሎ መድረሱ ነው። ደጋሊት ሚያዝያ ላይ ዝናብ ይፈልጋል፤ በልጉ ከቀረ ጉድ ይሠራሃል። ጎብዬና አብሽር የሚባሉት ግን ዘግይተው ቢዘሩም ይደርሳሉ፤ የማሽላን ሥር ተጣብቆ የሚመጠውን አረም፣ አቀንጭራንም ይቋቋማሉ። (ስሙ ራሱ «አብሽር» ይልሃል፣ ከዚህ በላይ ወሎዬ ዘር የት ይገኛል!) ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በዚሁ በማሽላና በአቀንጭራ ሥራቸው ነው።

ጉዳቱስ? አገዳው አጭር ነው። ከብቱ ምን ይብላ? ጎጆው በምን ይታጠር? ቀድሞ ስለሚደርስ ደግሞ የአገሩ ወፍ ሁሉ አንተ ማሳ ላይ ይሰፍራል። እኔማ ማማ ላይ ከርሜያለሁ።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ወተት በጉንጬን ታውቀዋለህ? ፍሬው ጨምደድ ያለ፣ እሸቱ ግን ተጠብሶ የማይጠገብ። ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ከሌላው ማሽላ እንደሚበልጥበት ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ምርቱ ግን ትንሽ ነው። ሁሉም ምርት ብቻ አይቶ ቢመርጥ ኖሮ ይሄ ዘር ዛሬ የት ይገኝ ነበር?

እኔ ብሆን በልጉ ከጣለ ደጋሊቱን ዘርቼ ጠርዙ ላይ ጥቂት ወተት በጉንጬ እጨምራለሁ። ካልጣለ በምርጥ ዘሩ እገባለሁ። የአባትህን ዘር ግን ከጎተራ አታጥፋ።